አስታማሚውን ማን ያስታምመው?



በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት፣ መፃጉዕ በሚታሰብበት ዕለት፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረው ሕመምተኛ ታሪክ በአብያተ ክርስቲያናት ተነብቧል። የዚያ ሰው ችግር ደዌው ብቻ አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ደግፎ የሚያወርደው ወገን ማጣቱ ጭምር ነበረ። እኛም ጾሙ ተፈጽሞ በየቤቱ ማዕድ በሚዘረጋበት በዚህ ዕለት፣ ለሕመምተኛው ያ የታጣው ወገን የሆነለትን አስታማሚ እናስብ ዘንድ ወደድን።

በአገራችን ሆስፒታሎች ሐኪሙ ያክማል፤ ነርሷም መድኃኒት ትሰጣለች። ሕመምተኛውን ማጉረስ፣ ገላውን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ የታዘዘውን መድኃኒት ፈልጎ መግዛትና ሌሊቱን መጠበቅ ግን በአብዛኛው የቤተሰብ ድርሻ ነው። ሕመሙ የ3 ቀን ሲሆን ይህ አይከብድም። አጥንቱ ክፉኛ የተሰበረ ወይም ካንሰር የጸናበት ሰው ግን ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በአልጋ ላይ ያሳልፋል።

ከከሚሴና ከአካባቢዋ የሚነሣውን አስታማሚ እንመልከት። ከተማዪቱ የራሷ ሆስፒታል ቢኖራትም፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሻው ሕመምተኛ ወደ ደሴ ይላካል። ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ዳገት የወጣ አስታማሚ ከቦርከና ሜዳ ሙቀት በአንድ ቀን ወደ ደጋው ብርድ ይገባል። የቆላ ነጠላውን ተከናንቦ በአልጋው ሥር ወይም በኮሪደር ጥግ ያድራል። በቤት የቀሩት ልጆች፣ ያልታረመው ማሽላና ጠባቂ ያጡት ከብቶች በሐሳቡ ይመላለሳሉ። ስንቁ ሲያልቅ በሬውን ይሸጣል፤ የበሬው ዋጋ ሲያልቅ ደግሞ ሕክምናው ሳይፈጸም ሕመምተኛውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ የአስታማሚው መድከም የሕመምተኛውን ሕይወት እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተሁለደሬ፣ በፎገራና በደቡብ አቸፈር ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ብዙ ቤተሰቦችን ከሕክምና ወጪ ታድጓል። ሆኖም መድኑ የሚሸፍነው የታካሚውን ሕክምና እንጂ የአስታማሚውን የመኪና ዋጋ፣ እንጀራና ማደሪያ አይደለም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ማነው?

የወሎ ሰው ለዚህ የቆየ መሣሪያ አለው፤ ይኸውም ቅሬ ነው። በቅሬው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አብረው ይቀብራሉ፤ አብረው ያዝናሉ። መኪና በማይደርስበት መንደርም ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መንገድ የሚያወጡት እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው። በቃሬዛውና በቀብሩ መካከል ያሉት ረጃጅም የሆስፒታል ወራት ግን ባለቤት የላቸውም።

የደጉ ሳምራዊን ምሳሌ እናስታውስ። ያ ሰው ቁስለኛውን አክሞ ወደ እንግዶች ማደሪያ ካደረሰው በኋላ፣ በማግሥቱ ለጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ ቢያወጣ ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባ። ምሕረቱ በቁስለኛው ላይ አላበቃም፤ ቁስለኛውን የሚጠብቀውንም ሰው ደግፏል።

ስለሆነም እያንዳንዱ ቅሬ ወይም ሰንበቴ የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። በመጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ አባል ከ1 ሳምንት በላይ ሆስፒታል ቢተኛ አስታማሚው የማኅበሩ አደራ ነው ይበል። የቀብሩ ገንዘብ እንዳይነካ ለዚህ የተለየ ሣጥን ይኑር፤ ገንዘብ የሌለው አባል በጉልበቱ ያዋጣ። ሁለተኛ፣ ተረኞች ተመድበው በየሳምንቱ 1 ወይም 2 ሌሊት አስታማሚውን ይተኩ፤ እርሱም ይተኛ፣ ገላውን ይታጠብ፣ ልጆቹን ይይ። ሦስተኛ፣ የቀረው ጎረቤት ማሽላውን በደቦ ይረም፤ ልጆቹንም ይመግብ። አራተኛ፣ ማኅበሩ 2 ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና የምግብ ሣህን ገዝቶ ያስቀምጥ፤ ወደ ደሴ የሚሄድ ሁሉ ተውሶ ይመልሰው።

ተረኛው ከመሄዱ በፊት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትምህርት ቢያገኝ ይገባል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መንቀሳቀስ የማይችለውን ሕመምተኛ ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ሲያስታምሙ መስኮት መክፈትና አፍንና አፍንጫን መሸፈን ከሚማራቸው ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ በአልጋው አጠገብ ያየውንና የሰማውን በቅሬው ስብሰባ እንዳያወራ ይጠንቀቅ፤ ምሥጢሩ የተገለጠበት ሕመምተኛ ዳግመኛ እርዳታ አይጠራምና።

በስንቁም ነገር አስተዋይነት ያሻል። በከሚሴ የቅሬው አባላት ሥጋ ለየብቻ ያርዳሉ። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ጾም የሚያውቀው የክርስቲያን ቤት ይህን ስንቅ አዘጋጅቶ ለሙስሊም ጎረቤቱ አስታማሚ ቢልክ ሁሉም ያለ ሥጋት ይቆርሰዋል።

ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባዘጋበት ዘመን በአዲስ አበባ የሚገኙ እድሮች ቀብር ከመጠበቅ ተነሥተው በየቤቱ የተኙትን ሕሙማን ወደ መንከባከብ ተሻግረው ነበር። በቀብር የታወቀ ማኅበር ለሕይወትም መሥራት እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታይቷል።

ክርስቲያን ወገኖች ሆይ፤ ዛሬ ዶሮው ወጥቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ ስንቀመጥ ከመንደራችን በማዕዱ ያልተገኘው ማነው ብለን እንጠይቅ። የጎረቤታችን በር ተዘግቶ ከሆነ ቁልፉ ያለው በሆስፒታል አልጋ ሥር በተኛ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። የበዓሉን ድርሻ ቋጥረን፣ ብርድ ልብስ ጨምረን እንላክለት፤ ከበዓሉ በኋላ በሚመጣው የማኅበር ቀንም ነገሩን በጉባኤ እናንሣ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።