ዳቦ፣ ጨውና ሳንቲም ለመንገድ፦ የሃንጋሪ ተማሪዎች ስንብት

ብዙዎቻችን ለልጆቻችን ወይም ለታናናሾቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ እንልካለን። «ጨረሰ» ወይም «ጨረሰች» የሚለው የምሥራች ግን የሚደርሰን በስልክ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን ትምህርት መጨረስ በሌላ አገር እንዴት እንደሚከበር ልናወጋችሁ ወደድን። አገሩ በአውሮፓ መካከል የሚገኘው፣ ዋና ከተማው ቡዳፔስት የሆነው ሃንጋሪ ነው።

እንግሊዝኛ ለማስተማር ከውጭ ወደ ሃንጋሪ የሚሄድ መምህርን መጀመሪያ የሚያስደንቀው በዓሉ የአንድ ቀን አለመሆኑ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የብርድ ወቅት ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የቆዩባቸው ዓመታት የተጻፉበት ትንሽ ሪባን ደረታቸው ላይ ይሰካላቸዋል። ይህ ሥነ ሥርዓት «ሳላጋቫቶ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሪባኑን ያየ ሁሉ ልጁ ሊጨርስ መቃረቡን ያውቃል። በዚያው ምሽት ሴቶቹ እንደ ሙሽራ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቫልስ የተባለውን ጭፈራ ይጨፍራሉ። ለዚህም ሳምንታት ሲለማመዱ ይከርማሉ። ወጪው ቀላል ስላልሆነ ብዙዎች ቀሚሱን ይከራያሉ እንጂ አይገዙም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ታብሎ» ነው። የተማሪዎቹና የመምህራኑ ፎቶግራፍ በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ በከተማው ሱቆች መስኮት ይቀመጣል። መንገደኛው ቆም ብሎ የጎረቤቱን ልጅ ይፈልጋል። ስንብቱ ሲቃረብ ደግሞ ተማሪዎች ማታ ወደ መምህራቸው ቤት ሄደው ይዘምሩለታል፤ እሱም የሚበላና የሚጠጣ ያቀርብላቸዋል።

ዋናው ቀን «ባላጋሽ» ይባላል። የሚውለውም በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ነው። ተማሪዎቹ በሰልፍ ሆነው፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ጓደኛው ትከሻ ላይ እጁን አሳርፎ፣ እየዘመሩ በቀስታ ይሄዳሉ። ታናናሾቻቸው በአበባ ባስጌጧቸው ክፍሎች አልፈው ወደ ግቢው ይወጣሉ። እናት፣ አባት፣ አያትና ዘመድ አበባ ይዘው ይጠብቋቸዋል።

በየተማሪው ትከሻ ላይ «ታሪስኛ» የተባለች ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ትንጠለጠላለች። በውስጧ «ፖጋቻ» የሚባል ትንሽ ጨዋማ ዳቦ፣ ቁንጥር ጨውና ሳንቲም ይገኛል፤ አንዳንዱም ጭብጥ አፈር ይጨምርበታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በመንገድ አትራብ፣ ኪስህ ባዶ አይሁን፣ የመጣህበትን አትርሳ። እኛ ስንቅ የምንለው ነው።

ልማዱ የመጣው ሼልሜትስባኛ ከምትባል የማዕድን ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ የማዕድንና የደን ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ሲጨርሱ በከተማዋ እየዞሩ በመዝሙር ይሰናበቱ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ተቋሙ ወደ ሾፕሮን ከተማ ተዛወረ። ልማዱ ግን በመላው ሃንጋሪ ተስፋፋ።

እንግዳውን መምህር ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ይህ ሁሉ አበባና መዝሙር የሚሆነው ከፈተናው በፊት ነው! የማጠናቀቂያው ፈተና «ኤረትሼጊ» ይባላል፤ ቃሉ «ብስለት» ከሚለው የመጣ ነው። የጽሑፉ ፈተና የሚጀምረው ከስንብቱ ጥቂት ቀናት በኋላ በሃንጋሪኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሒሳብና ታሪክ ይከተላሉ። የቃል ፈተናው እስከ ሰኔ ይዘልቃል። በተጨማሪም ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ተማሪው የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬቱን ለማግኘት 50 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት ይኖርበታል።

ታዲያ ውጤት ሳይታወቅ ለምን ያከብራሉ? ትምህርቱ የሚያበቃው ከፈተናው በፊት ስለሆነ፣ ክፍሉ በሙሉ አብሮ የሚሰናበተው ያኔ ነው። እኛ ግን ከዚህ ሌላም ቁም ነገር እናያለን። በዚያ ሰልፍ ጎበዙም ደካማውም እኩል ይሄዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዟል። የሚከበረው ማርክ ሳይሆን አብረው ያሳለፉት ዓመታትና የደከመላቸው ቤተሰብ ነው።

እህቶቻችን፣ በሩቅ ሆናችሁ የምታስተምሩት ልጅ በሚጨርስበት ቀን አበባ ይዛችሁ በግቢው አትቆሙ ይሆናል። ነገር ግን ስንቁን የቋጠራችሁት እናንተ ናችሁ። ውጤቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ከፈተናው በፊት ደውሉ ወይም ጥቂት መስመር ጻፉለት፤ ዓመታቱን እንደቆጠራችሁለት ይወቅ። ይህ ነጭ ቀሚስም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ ግን እጃችሁን በትከሻው ላይ እንዳለ ያህል ይሰማዋል።

በሰላም ያገናኘን።