አክተሩ የሞተበት ፊልም

በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ፊልም ያየ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም። «አክተር» በዚያ ቤት ቋንቋ ማንኛውም ተዋናይ ማለት አይደለም። ዋናው ሰው ነው፤ ጥይት የሚስተው፣ ካልሳተውም ክንዱን በጨርቅ አስሮ የሚነሳው። ፊልሙ ራሱ በርዕሱ ሳይሆን በእሱ ስም ይጠራል፤ «የአርኖልድ ፊልም»፣ «የቫንዳም ፊልም» ይባላል። ይህን ሕግ ይዞ ለተቀመጠ ተመልካች «ተርሚኔተር 2፦ የፍርድ ቀን» ያልጠበቀውን ጉድ ያሳየዋል። አክተሩ መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ ያውም ጠላቱን ካሸነፈ በኋላ፣ በራሱ ውሳኔ፣ ወደ ቀለጠ ብረት ወርዶ።

ፊልሙ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አድናቂዎቹ ግን ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ክርክራቸውም ፊልሙን ከማየት ያልተናነሰ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሻው እንጀምር። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን የመጀመሪያውን «ተርሚኔተር» በ1984 ያወጣው በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለሆሊውድ ይህ ትንሽ ገንዘብ ነው። ታሪኩ ወደፊት ይወስደናል። በ2029 ስካይኔት የተባለ የጦር ኮምፒውተር በፈጠሩት ሰዎች ላይ ተነስቶ ዓለምን አጥፍቷል። የተረፉትን የሚመራቸው ጆን ኮነር የሚባል ሰው ነው። ስካይኔት ይህን መሪ ከምንጩ ለማድረቅ ሲል፣ ገና ያልወለደችውን እናቱን ሳራን የሚገድል ማሽን ወደ 1984ቷ ሎስ አንጀለስ ይልካል። ማሽኑ ውስጡ ብረት፣ ላዩ የሰው ሥጋና ቆዳ ነው፤ «ተርሚኔተር» የሚባለውም እሱ ነው፤ ትርጉሙ «ጨራሽ» እንደማለት ነው። ሰዎቹም በበኩላቸው ካይል ሪስ የተባለ ወታደር ልከው ያስጠብቋታል። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በዚህ ፊልም የተጫወተው ጠባቂውን አይደለም። ገዳዩን ነው።

ተከታይ ፊልም፣ በተለምዶ «ክፍል ሁለት» የምንለው፣ ከሌላው ፊልም የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ተመልካቹ ባዶውን አይመጣም። የሚፈራውን፣ የሚያዝንለትን፣ የሚጠብቀውን ከክፍል አንድ ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ ተከታዮች ይህን ትዝታ እንደ ስንቅ ይበሉታል፤ ያው ፍንዳታ፣ ያው ቀልድ፣ በዛ ባለ ገንዘብ። ካሜሮን ከዊልያም ዊሸር ጋር የጻፈውና ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በጁላይ 3 ቀን 1991 ለእይታ የበቃው ክፍል ሁለትም ገንዘብ አላነሰውም። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በወጪው ወደር ያልነበረው ፊልም ነው። በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ የዓመቱን ገበያ መራ፤ አራት የኦስካር ሽልማቶችንም ወሰደ። የሚያስደንቀው ግን በተመልካቹ ትዝታ ላይ የሠራው ሥራ ነው።

አጀማመሩን እንይ። ከወደፊቱ ዘመን ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። አንደኛው አርኖልድ ነው፤ ሞተረኞች ወደሚጠጡበት ቡና ቤት ገብቶ ልብስ፣ ሞተርና መሣሪያ ይነጥቃል። ሌላኛው ቀጠን ያለ፣ ፊቱ የተስተካከለ ወጣት ነው፤ የፖሊስ ልብስ ለብሶ አሁን የአሥር ዓመት ልጅ የሆነውን ጆንን በትሕትና እየጠየቀ ይፈልጋል። ክፍል አንድን ያየ ሰው ማን ገዳይ፣ ማን ጠባቂ እንደሆነ ለአፍታም አይጠራጠርም። ሁለቱም ልጁን በአንድ የገበያ አዳራሽ የኋላ መተላለፊያ ያገኙታል። አርኖልድ ከጽጌረዳ አበባ ካርቶን ውስጥ ጠመንጃ ያወጣል፤ ለልጁም «ዝቅ በል» ይለዋል። ጥይቱ የሚሄደው ወደ ፖሊሱ ነው። ለሰባት ዓመት የተፈራው ማሽን በዚያች ቅጽበት አሳዳጊ ይሆናል።

አድናቂዎች እስከ ዛሬ የሚያነሱት ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ይህን ምሥጢር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጠብቀው፣ የራሱ ማስታወቂያ ግን አርኖልድ በዚህ ጊዜ ለደግ እንደተሰለፈ አስቀድሞ ነግሮ ነበር። ስለዚህ በ1991 ሲኒማ ቤት የገባው ሕዝብ አብዛኛው መልሱን ይዞ ነው የተቀመጠው። በእኔ ግምት ማስታወቂያውን ሳያይ፣ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ብቻ አምኖ የገባ የእኛ ሰፈር ልጅ ፊልሙን ካሜሮን እንዳሰበው የማየት ዕድሉ ከሎስ አንጀለሱ ተመልካች የተሻለ ነበር። ስለ ጽጌረዳው ካርቶንም አንድ ጨዋታ አለ። የፊልሙ ማጀቢያ ዘፈን የጠመንጃና የጽጌረዳ ስም የያዘው የገንስ ኤንድ ሮዝስ ቡድን ነው፤ ጠመንጃው ከአበባ መሃል መውጣቱን አድናቂዎች የቡድኑን ስም በሥዕል እንደመጻፍ ይቆጥሩታል።

ቀጠን ያለው ፖሊስ ቲ-1000 ይባላል፤ ተዋናዩ ሮበርት ፓትሪክ ነው። አካሉ ፈሳሽ ብረት ነው። ወለል ሆኖ ይነጠፋል፣ በፍርግርግ ያልፋል፣ የነካውን ሰው መልክ ይይዛል። ተመልካቹ አፉን የከፈተበት ይህ ትዕይንት በኮምፒውተር የተሠራ ቢሆንም፣ በመላው ፊልም የኮምፒውተሩ ድርሻ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። የቀረው የልዩ ትዕይንት ባለሙያው የስታን ዊንስተን አሻንጉሊቶች፣ ቅብና የእጅ ጥበብ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ቲ-1000 የሆስፒታል ዘበኛ መስሎ ከዘበኛው ፊት ሲቆም የምናየው መንትያ ወንድማማቾችን ነው። ሳራን መስሎ ሲቀርብም የተዋናይቷ የሊንዳ ሃሚልተን መንትያ እህት ሌስሊ ሥራው ላይ ነበረች። ፓትሪክ በሩጫው ጊዜ በአፉ እንዳይተነፍስ ተለማምዷል፤ ማሽን አያለከልክምና። ተመልካቹ ይህን ልብ ሳይለው ይፈራዋል።

ገዳዩ ለምን ፖሊስ ሆነ? ከፊልሙ ጋር የተያያዙት ትርጓሜዎች እዚህ ላይ ይከብዳሉ። ፊልሙ ከመውጣቱ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 1991፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበድቡ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ በቪዲዮ ካሜራው ቀረጸ፤ ምስሉም ዓለምን አስቆጣ። ያ ነዋሪ ቀደም ሲል ይኸው ፊልም በሰፈሩ ሲሠራ አይቶ ቀርጾ ነበር፤ አርኖልድ የገባበትን የሞተረኞቹን ቡና ቤት። የሁለቱም ምስል በአንድ ካሴት ላይ ተገኘ። ካሜሮን ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሆኖም በዚያ ክረምት ሲኒማ የገባ ሰው የደንብ ልብሱን ሲያይ የሚያስበው ነገር ተለውጧል፤ ፊልሙ ሳይነካ ትርጉሙ ተጨመረበት።

ከትርጓሜ ሌላ ጥያቄም አለ፤ ጥያቄ ሲባል አድናቂ ቀዳዳ ሲያገኝ የሚያነሳው ዓይነት። በክፍል አንድ ካይል እንደሚያስረዳው በጊዜ ማሽኑ የሚያልፈው ሕይወት ያለው ነገር ብቻ ነው። ለዚህም ነው ተጓዦቹ ራቁታቸውን የሚመጡት፣ ብረቱም በሥጋ የተሸፈነው። ታዲያ ከላይ እስከ ታች ብረት የሆነው ቲ-1000 እንዴት አለፈ? ከፊሉ «በሥጋ ተጠቅልሎ መጥቶ ጥሎት ሄደ» ይላል፤ ከፊሉ «ሥጋን መምሰል ከቻለ ማሽኑንም ያታልላል» ይላል። ፊልሙ መልስ አይሰጥም፤ እኔም ባይሰጥ እመርጣለሁ።

ከዚህ የጠለቀው የክበቡ ጥያቄ ነው። በክፍል አንድ የተጨፈለቀው ተርሚኔተር ክንድና የአንጎሉ ቺፕ ሳይበርዳይን በተባለ ድርጅት እጅ ይገባል። ማይልስ ዳይሰን የሚባለው ተመራማሪም ስካይኔትን የሚፈለስፈው ያንን ቺፕ አጥንቶ ነው። እንግዲህ ስካይኔትን የወለደው ስካይኔት የላከው ማሽን ሆነ። የጆን አባትም ጆን ራሱ ወደ ኋላ የላከው ካይል ነው። እንቁላሉ ይቀድማል ወይስ ዶሮዋ የሚለው የልጅነት ጥያቄ እዚህ በብረት ተሠርቶ ቀርቧል።

አሁን ወደ ሳራ እንለፍ። በክፍል አንድ አስተናጋጅ ነበረች፤ የገዳዩ ቀይ የማነጣጠሪያ ብርሃን ግንባሯ ላይ ሲያርፍ የምትደነግጥ ልጅ። በክፍል ሁለት ጡንቻዋ የጠነከረ፣ እብድ ተብላ የተቆለፈባት ተዋጊ ናት። ስካይኔትን ከሥሩ ለመንቀል ብላ ዳይሰንን ልትገድል ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ጨለማ ውስጥ አድፍጣ ስታነጣጥር ከጠመንጃዋ የሚወጣው ያው ቀይ ብርሃን ነው፤ በዳይሰን ጀርባ ላይ ያርፋል። በአድናቂዎች ዘንድ ይህች ቀይ ነጥብ ብዙ አነጋግራለች። ማሽኑ ሰው አለመግደልን ከልጁ ሲማር፣ ሰው የሆነችው ሳራ ተርሚኔተር ሆናለች ይላሉ። የሚያስቆማት የዳይሰን ትንሽ ልጅ አባቱን ለማዳን ሲሸፍነው ማየቷ ነው።

ማሽኑስ በእርግጥ ተማረ? እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ተመልካቾች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1993 በሌዘር ዲስክ የወጣው ረጅሙ ቅጂ በሲኒማ ያልታዩ ትዕይንቶችን መለሰ። ከነዚህ አንዱ ሳራና ጆን የማሽኑን ጭንቅላት ከፍተው፣ ቺፑን አውጥተው፣ እንዳይማር የታገደበትን ማብሪያ ሲቀይሩ ያሳያል። ሳራ ቺፑን በመዶሻ ልትሰብረው ትቃጣለች፤ ልጇ ይከለክላታል። (በትዕይንቱ የሚታየው መስታወት መስታወት አይደለም፤ ክፍት ቦታ ነው። ከወዲህ ሌስሊ በአሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ፣ ከወዲያ ሊንዳ በእውነተኛው አርኖልድ ላይ እኩል እየተንቀሳቀሱ ነጸብራቅ ይመስላሉ።) ይህን ያየ ሰው የማሽኑ ደግነት ሰዎች የከፈቱለት በር ነው ይላል። አጭሩን ቅጂ ያየ ደግሞ ከልጁ ጋር ስለዋለ ብቻ ራሱ ተለወጠ ብሎ ያምናል። ሁለቱም ፊልሙን ምስክር አድርገው ይጠራሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስለ ልጁ ትምህርት ካነሳን ቋንቋውን አንዝለል። ጆን ማሽኑን የሰፈር አነጋገር ያስተምረዋል፤ ከዚያ አንዱ የስፓኒሽ ስንብት፣ «አስታ ላ ቪስታ» ያለበት ሐረግ፣ በዓለም ሁሉ የልጆች አፍ ገባ። ስፔን ውስጥ ግን ችግር ሆነ፤ ለስፔናዊ ስፓኒሽ ምን ያስገርመዋል? በስፔኑ ትርጉም ማሽኑ በጃፓንኛ «ሳዮናራ» ብሎ ይሰናበታል።

የመጨረሻው ትዕይንት ተመልካች የሚያለቅስበት ነው። ጠላት ጠፍቷል፤ ግን አንድ ቺፕ ቀርቷል፤ እሱም በማሽኑ ራስ ውስጥ ያለው። ራሱን ማጥፋት እንዳይችል ተደርጎ ተሠርቷልና ሳራ በሰንሰለት ታወርደዋለች። ሲሰምጥ በመጨረሻ የሚታየው እጁ ነው፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተቀስሯል። ተሰማው? ልጁን ለማጽናናት አስቦ ነው? ወይስ የተማረውን ምልክት በቦታው ደገመው? ከሰመጠ በኋላ ዓይኑ ውስጥ ያለው ቀይ ብርሃን ደብዝዞ ሲጠፋ ከውስጥ ሆነን እናየዋለን፤ ያኔም ፊልሙ አይነግረንም። እኔ ወደ ማጽናናቱ አደላለሁ። ቀደም ሲል ሰዎች ለምን እንደሚያለቅሱ አሁን እንደገባው ለጆን የተናገረው በቂዬ ነው።

ፊልሙ የፍርድ ቀን ብሎ የሰየመው ኦገስት 29 ቀን 1997 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1989 ዓ.ም.። በታሪኩ በዚያ ቀን ሦስት ቢሊዮን ሰው ያልቃል። ቀኑ በሰላም አለፈ፤ ለአድናቂዎች ግን የራሳቸው መታሰቢያ ሆነ። በ2017 የታደሰው የፊልሙ ባለሦስት ገጽታ ቅጂ በአሜሪካ የወጣውም ከሃያኛ ዓመቱ አራት ቀን ቀድሞ ነው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል በሚላቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ካሜሮን ሌላ መጨረሻም ቀርጾ ነበር። በ2029፣ በዋሽንግተን መናፈሻ፣ ያረጀችው ሳራ ተቀምጣ ሴናተር የሆነው ጆን ከልጁ ጋር ሲጫወት ታያለች፤ የፍርድ ቀን አልመጣም። ይህ ወጥቶ በምትኩ የሌሊት መንገድ ገባ፤ የመኪና መብራት ከፊቱ ያለውን ጥቂት አስፋልት ብቻ ያበራል። ያ መንገድ ክፍት ስለቀረ ሌሎች ሄዱበት። የ2003ቱ ክፍል ሦስት የፍርዱ ቀን ተላለፈ እንጂ አልቀረም አለ። በ2019 የወጣው «ዳርክ ፌት» ደግሞ ገና ሲከፈት ጆንን በልጅነቱ ያስገድለዋል፤ ገዳዩም የአርኖልድን መልክ የያዘ ተርሚኔተር ነው። ብዙ አድናቂዎች በዚያ ትዕይንት ተቆጡ፤ የቀለጠው ብረት፣ የተቀሰረው አውራ ጣት ለማን ሆነ ብለው ጠየቁ። ከነሱም ውስጥ ከክፍል ሁለት ወዲህ የመጣውን አንዱንም ከታሪኩ የማይቆጥሩ አሉ። ለነሱ ሳራና ልጇ አሁንም በዚያ የሌሊት መንገድ ላይ ናቸው።