ተጨማሪ መረጃ፦ የቤት ቋንቋና እንግሊዝኛ በድሬዳዋ ገጠር

የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌና በጀልዴሳ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲቀርብ ወሰነ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል።

አፋን ኦሮሞም ሆነ ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ተማሪው የእንግሊዝኛን ፊደላት ቅርጽ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ድምፃቸው ግን ይለያያል። «ሲ» የተባለው ፊደል በአፋን ኦሮሞ «ጭ»ን፣ በሶማሊኛ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅን ይወክላል። «ኤክስ» ደግሞ በመጀመሪያው «ጥ»፣ በሁለተኛው ጠበቅ ያለ «ሐ» ነው። ስለዚህ ጀማሪ አንባቢ የእንግሊዝኛን ቃል በቤቱ ቋንቋ ሥርዓት ሊያነበው ይችላል።

በገጠር እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ እምብዛም አይሰማም፤ በመሆኑም የማዳመጥና የመናገር ልምምዱ በአብዛኛው በመምህሩ ላይ ይወድቃል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብን በሚገባ የለመደ ልጅ ችሎታውን ወደ እንግሊዝኛ ለማሻገር ይቀለዋል።