እስከ ጥምቀት 2030

የሂሳብ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች በቃላችን የምንይዘው አንድ ቁጥር አለ፦ 2,147,483,647። እኔ ያጠናሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት የሂሳብ ሠራተኛ በተደወለልኝ ስልክ ነው። «ወንድሜ፣ ደንበኛችን ዛሬ ገንዘብ አስገባ፤ ቀሪ ሂሳቡ ግን ከዜሮ በታች ወረደ» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ብሩን በሳንቲም ቆጥረን ለእያንዳንዱ ሂሳብ 32 ቢት መድበንለት ነበር። በዚህ ስፋት ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ላይ አንዲት ሳንቲም ከተጨመረች ቁጥሩ ተገልብጦ ዕዳ ይሆናል። ስፋቱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ32ቱ ቢት አንዱ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሁን በታች ይለያል፤ 31 ይቀራሉ። ከ1 ተነስተን 2፣ 4፣ 8 እያልን፣ እያንዳንዱን የፊተኛው እጥፍ አድርገን 31 ቁጥሮች ብንደምር ድምሩ ያ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለም።

ቁጥሩ ግን ከኮምፒውተር በፊትም የታወቀ ነበር። ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ እንደሌለው አረጋግጧል። ለብዙ አሥርት ዓመታትም ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 46,340 ድረስ አካፋይ መፈለግ ያስፈልጋል። ኦይለር ግን አካፋይ ቢኖረው ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት አወቀ። ስለዚህ ቢበዛ 372 ጊዜ ማካፈል በቃው።

እኔን የሚነካኝ ይህ ነው። ኦይለር ሳይሞክር ላለፈው ለእያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት ነበረው። እኔ 32ን ስመርጥ የነበረኝ «ይበቃል» የሚል ግምት ብቻ ነው።

ግምቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ጊዜን የሚለኩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት እዚያው ቁጥር ላይ የሚደርሱት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር አድረው፣ ምእመናኑ ጸበል በሚጠብቁበት የጥምቀት ጠዋት ማለት ነው። ያልታረመ ሲስተም በቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል።

መፍትሔው ይታወቃል፤ 64 ቢት ነው። የቸገረው ግምቱ የተደበቀበትን ቦታ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ አሁን ለማንኛውም ቁጥር ስፋት ስመርጥ፣ ከዚህ የማይበልጥበትን ምክንያት ከጎኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የምጽፈው ምክንያት ካጣሁ ስፋቱን እጨምራለሁ። ከእኔ በኋላ ያንን ኮድ የሚከፍት ልጅ፣ ስልክ ሳይደወልለት ያነበዋል።