የባቡር ጣቢያ ሲዘጋ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ

ንግድ ቤት በሰዓቱ የሚከፈተው ሠራተኛው በሰዓቱ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ በባቡር በሚመላለስበት ከተማ የአንድ ትልቅ ጣቢያ መዘጋት የምድር ባቡሩን አስተዳደር ብቻ የሚመለከት ሳይሆን የነጋዴውንም የዕለት ገቢ የሚነካ ጉዳይ ነው። ይህንም ለማስረዳት በሎንዶን ከተማ የሆነውን መመልከት ይጠቅማል።

የዋተርሉ ጣቢያ በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ መንገደኛ ከሚያስተናግዱት ጣቢያዎች አንዱ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2015 እስከ 2016 ባለው አንድ የሒሳብ ዓመት የገባውና የወጣው መንገደኛ ቍጥር ወደ 99 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በዚህ ጣቢያ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ያሉት የመሳፈሪያ መድረኮች 10 ፉርጎ ያለው ባቡር እንዲቆምባቸው ማስረዘም ስላስፈለገ፣ ከሐምሌ 29 ቀን እስከ ነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ድረስ ከ1ኛው እስከ 9ኛው ያሉት መድረኮች ተዘጉ። ወራቱም የተመረጠው ተማሪዎች የሚያርፉበትና ብዙ ሰው ፈቃድ የሚወስድበት ስለ ሆነ ነው።

መድረክ ሲጐድል ችግሩ የሚጠነክረው በጧት ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ባቡር መንገደኛውን አውርዶ ሌላውን ጭኖ እስኪወጣ ድረስ መድረኩን ይዞ ይቆያል፤ ከኋላው የሚመጣውም ቦታ እስኪለቀቅለት በሐዲድ ላይ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የባቡሩ ቍጥር ይቀነሳል፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ የሚመጣው ሕዝብ ግን አይቀነስም። ያው መድረክ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሲታይ ግፊያው ቀለል ብሎለት ይገኛል። እንግዲህ ዋናው መድኃኒት ሰዓትን ማከፋፈል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። የባቡር ድርጅቶቹም በዚያን ጊዜ መንገደኞች ከግፊያው ሰዓት ውጭ እንዲጓዙ አስቀድመው መክረው ነበር።

ሌላም ትምህርት አለ። በታኅሣሥ 18 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚያው በሎንዶን የሐዲድ ሥራ ከተወሰነለት ጊዜ በማለፉ የኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተዘግቶ ዋለ። ባቡሮቹም ፊንስበሪ ፓርክ በሚባለው ጣቢያ እንዲቆሙ ተደረገ። ይህ ጣቢያ ግን አነስተኛ ስለ ሆነ ያን ሁሉ ሕዝብ ሊችል አልቻለም፤ መንገደኛውም ወደ ውስጥ እንዳይገባ እየተከለከለ በደጅ ተሰልፎ ለመቆም ተገደደ። ምትክ መንገድ አለ መባሉ ብቻ የሚያስተማምን አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ስለዚህ የመዝጊያው ቀን እንደ ተነገረ ነጋዴው የሚከተለውን ቢያደርግ ይበጀዋል።

አንደኛ፦ ከሠራተኞቹ መካከል በዚያ ጣቢያ የሚያልፉት እነማን እንደ ሆኑ በስም ይመዝግብ። በተለይ የሱቁን ወይም የመጋዘኑን ቍልፍ የያዘው ሰው ከእነርሱ አንዱ ከሆነ፣ በቅርብ ለሚኖር ሌላ የታመነ ሠራተኛ ሁለተኛ ቍልፍ ይስጥ።

ሁለተኛ፦ ሠራተኛውን በሁለት ተራ ይክፈል፤ ገሚሱ ማልዶ ይግባና ቀደም ብሎ ይውጣ፤ ገሚሱም አርፍዶ ገብቶ ያምሽ።

ሦስተኛ፦ የአስመጪና የላኪ ጸሐፊዎች የባንክና የጉምሩክ ወረቀት የሚያስፈጽሙበት የመጨረሻ ቀን ከመዝጊያው ጋራ የሚገጥም እንደ ሆነ፣ ጉዳዩን ቀደም አድርገው ይጨርሱ።

አራተኛ፦ በጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው አላፊ አግዳሚው እንደሚቀንስበት ዐውቆ፣ የዳቦ፣ የወተትና የፍራፍሬ ትእዛዙን አስቀድሞ ከአቅራቢው ጋራ ተነጋግሮ ይቀንስ። የሚበላሽ ዕቃ ከተረከበ በኋላ የሚደረግ ክርክር ኪሳራውን አይመልስም።

አምስተኛ፦ ጣቢያው በሚከፈትበት የመጀመሪያ ቀን ከባድ ቀጠሮ አይያዝ፤ ሥራው ከተባለው ቀን ሊያልፍ ይችላልና።

ስለ ደመወዝም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በጣቢያው መዘጋት ምክንያት ለዘገየ ሠራተኛ የቀን ሒሳቡን መቍረጥ ትርፍ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ሠራተኛው ጣቢያውን አልዘጋውም፤ መዘጋቱንም አሠሪው እንደ እርሱ ያውቃል። የጐደለውን ሰዓት በማታ ወይም በሌላ ቀን ማስሞላት ለሁለቱም ወገን የተሻለ ነው። በችግር ጊዜ የተቈረጠችው ጥቂት ብር የብዙ ዓመት ታማኝነት ልታሳጣ ትችላለች።

ይህ ምክር ለአዲስ አበባ ነጋዴም ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ተዘርግቷልና፣ አንድ ጣቢያ ለጥገና ቢዘጋ መንገደኛው ሁሉ ወደ ታክሲና ወደ አውቶቡስ ሰልፍ መዞሩ አይቀርም። ከሎንዶን የሚለየው ግን ነሐሴ ለእኛ የክረምት ወር መሆኑ ነው። ተማሪው ቢያርፍም ዝናቡ በእግር መሄድን ያከብደዋልና፣ የሰዓቱ ክፍፍል ይህን ጭምር ያሰበ እንዲሆን ያስፈልጋል።

የጣቢያ መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነገር ነገር ነው። ማስታወቂያውን አንብቦ በዚያው ሳምንት የሥራ ሰዓቱን ያስተካከለ ነጋዴ ሱቁን በሰዓቱ ይከፍታል፤ ያላስተካከለው ግን ደንበኛው ከተዘጋ በር ላይ ደርሶ ወደ ጎረቤቱ ሲሻገር ያያል።