አናሲሞስ ነሲብና የ23 ዓመቱ መንገድ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ነገር ግን ተረቱን ማወቅ ሌላ፣ በተረቱ መኖር ሌላ ነው። በተረቱ ከኖሩት ሰዎች አንዱ በነቀምቴ ያስተማሩት ወንጌላዊው አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙ ሂካ ተባለ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ «የሚፈታ፣ የሚተረጉም» ማለት ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞቱበት። ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ቆንስል ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ሰጠው።

ልጁ ትምህርት ወዳድ ሆነ። በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ የሚለውን ስም ተቀበለ። አናሲሞስ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ስለ ሆነ፣ ስሙ ከሕይወቱ ጋር የተስማማ ነበር። ከዚያም ስዊድን አገር ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ፤ በ1881ም ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡ።

ከዚህ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ተነጠቁበት አገር ተመልሶ ወገኖቻቸውን ማስተማር ሆነ። በዚያው ዓመት በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን ከጠረፍ አላለፉም፤ በንዳድ ታመው ተመለሱ። ሁለተኛ ሞክረው በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ ወደ ፊት እንዲያልፉ ግን አልተፈቀደላቸውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ በቈረጠ ነበር። እሳቸው ግን እግራቸው ያልደረሰበት ቦታ ቃሉ ይድረስ ብለው በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። ማርቲን ሉተር ከሕዝብ ዐይን ርቆ በዋርትቡርግ ግንብ ሳለ ሐዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ እንደ ተረጐመ፣ እሳቸውም የተዘጋውን መንገድ በብዕር ከፈቱት። ሐዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በዚህ ሥራ የአስቴር ጋኖን ድርሻ መዘንጋት አይገባም። እሷም ከባርነት የወጣች ልጅ ስትሆን የቋንቋው ዕውቀቷ እጅግ ጥልቅ ነበር። ቃላትን እየሰበሰበች ትርጕሙን ከመርዳቷም በላይ፣ በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከእሳቸው ጋር አዘጋጀች። በኋላም ለብዙ ዘመን በነቀምቴ አስተማረች።

በመጨረሻ በ1904 አናሲሞስ ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ኩምሳ ሞረዳ የሚባሉት፣ በክብር ተቀበሏቸው። ከመጀመሪያው ጉዞ እስከዚያች ቀን 23 ዓመት አልፎ ነበር።

መከራው ግን በዚህ አላበቃም። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማስተማራቸው ክስ አመጣባቸውና በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ከአገር እንዲወጡ ቢፈረድባቸውም ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ስብከት ግን ተከለከሉ። ስለዚህ ፊደል ማስቈጠራቸውን ቀጠሉ። አሥር ዓመት ያህል ታግሠው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ፈቃድ አገኙ። ሰኔ 21 ቀን 1931 እስኪያርፉም ድረስ ከሥራቸው አልተለዩም። ዛሬ በወለጋ፣ በአይራ የሚገኘው ሴሚናሪ በስማቸው ይጠራል።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ! እኛ አንድ ፈተና ብንወድቅ መጽሐፉን ልንጥል እንቃጣለን። አናሲሞስ ግን ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሰው፣ በተመለሱበት ቦታ የሚሠራ ሥራ አገኙ። ታሪካቸው የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው፤ መንገድ ሲዘጋብን መንገዱ እስኪከፈት እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ።