ሴንሰሩ ሳይመረመር አይፈረድበት

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለችው በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እንዳሠሩና በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ እንዳስጎተቱት በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። ብረት አቅልጦ መሥራት ትልቅ ጥበብ መሆኑ አይካድም። በዛሬው ዘመን ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥበብ ያስፈልገናል፤ ይኸውም የተሠራው ሲበላሽ ምክንያቱን አጣርቶ ማወቅ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በአዳዲስ የናፍጣ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የጢስ መመለሻ ነው። ይህ መሣሪያ ከሞተሩ ከሚወጣው ጢስ ጥቂቱን መልሶ ከንጹሕ አየር ጋር ወደ ሞተሩ ያስገባል። በዚህም የቃጠሎው ሙቀት ይቀንሳል፤ አየሩን የሚመርዘው የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋዝም ያንሳል። ጢሱ የሚያልፍበት ቫልቭ ምን ያህል እንደ ተከፈተ ለመኪናው ኮምፒዩተር የሚያስታውቀው ሴንሰሩ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ከወረታ ተነሥቶ ዳገቱን ተጭኖ የሚወጣ መኪና ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር ጥላሸት ያበዛል። ጥላሸቱም በቫልቩ ላይ ተጋግሮ እንደ ልብ እንዳይከፈትና እንዳይዘጋ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ የማስጠንቀቂያው መብራት ይበራል። ብዙዎችም ወዲያው «ሴንሰሩ ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» ይላሉ። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደ መምታት ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ቁጥር የምርመራ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0401 ማለት የሚመለሰው ጢስ አነሰ ማለት ነው እንጂ ሴንሰሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ፒ0405 የሴንሰሩ ምልክት ከመጠን በታች መውረዱን፥ ፒ0406 ደግሞ ከመጠን በላይ መውጣቱን ይናገራል፤ ነገር ግን የተበላሸ ሽቦ ወይም የዛገ ሶኬትም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን። በመጀመሪያ ሶኬቱና ሽቦው ይታይ። ቀጥሎ ሶኬቱ ተነቅሎ፥ ቁልፉ ተከፍቶ፥ ሞተሩ ሳይነሣ በቴስተር ይለካ፤ በብዙዎቹ መኪናዎች ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው ኀይል 5 ቮልት ያህል ነው። ይህ ከታጣ ጥፋቱ ከሴንሰሩ በፊት ነው። ኀይሉና የመሬት ሽቦው ደኅና ከሆኑ ሶኬቱ ይመለስና ቫልቩ ቀስ እያለ ይከፈት፤ የምልክቱም ቮልት ሳይዘልና ሳይቋረጥ አብሮ መለወጥ አለበት። ቫልቩ ከጥላሸት ጸድቶ እንደ ልብ እየተንቀሳቀሰ ቮልቱ የሚዘል ወይም ፈቀቅ የማይል ከሆነ፥ ያን ጊዜ ሴንሰሩ ይለወጥ።

ይህ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ወጣት ሹም ቢኖር፥ በመለዋወጫ መግዣው ወረቀት ላይ የሚፈርመው እርሱ መሆኑን ያስብ። ዕቃው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። መኪናው ያለ ምክንያት በቆመበት ቀን ሁሉ ወደ ጋይንት ወይም ወደ ስማዳ መድረስ የነበረበት መድኀኒትና ዘር ይዘገያል። እንግዲህ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «በቴስተር ስንት ቮልት ተገኘ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ከሌለ ምርመራው ገና አልተጀመረም።